የገና ዝግጅት ማስታወሻ፦ ጠላው፣ ሙክቱና የቡቺ ድርሻ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ዘንድሮ ገና እኛ ቤት ነው። ወንድሜ ከነቤተሰቡ ከደብረ ታቦር ይመጣል። እማዬ "ሁላችሁንም በአንድ መሶብ ልያችሁ" ካለች ክርክር የለም። ሥራው ዛሬ ተጀመረ። እኔም እየሠራሁ ልጽፈው ነው።

ለሰው የሚዘጋጀው ይታወቃል። ጠላ፣ ድፎ ዳቦ፣ ዶሮ፣ በግ። ዘንድሮ የጨመርኩት የቡቺንና የውሮን ነገር ነው። ቡቺ ግቢያችንን የሚጠብቅ ውሻ ነው። ውሮ ድመታችን ናት። በየበዓሉ የሚደርሳቸው የተረፈው ነው፦ የዶሮ አጥንት፣ የወጥ ትራፊ፣ ከሚታረደው በግ ደግሞ ሰው ያልፈለገው። ዘንድሮ የራሳቸው ድርሻ ይኑራቸው ብያለሁ። እማዬ ሰምታ ሳቀች። "ደግሞ ለውሻ ድግስ!"

ከገበያ መጀመሪያ የገዛነው ጌሾ ነው፣ የዘጌ ጌሾ። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ አልተለመደም። ሰዉ የሚኖረው በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ነው። እማዬ ጌሾ ስትገዛ አትቸኩልም። እፍኝ ታነሳለች፣ በመዳፏ ታሸዋለች፣ ከዚያ አፍንጫዋ ስር ትይዘዋለች። ቅጠሉ ደርቆም አረንጓዴነቱን ካልለቀቀ፣ ሲታሽም ምሬቱ ጉሮሮ ድረስ ከገባ፣ እሱ ጌሾ ነው። ቡናማ የሆነውን "ይሄ አቧራ ነው" ብላ መለሰችው። ሻጯ ሳቀችና ከሌላ ጆንያ አወጣችላት። ቅጠሉንም እንጨቱንም ይዘን ተመለስን።

ማታ ለብቅል የሚሆን ገብስ ዘፈዘፍን።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ገብሱ ጎንቁሏል። ውኃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለን፣ ጆንያ ደርበንበት ማድ ቤቱ ጥግ አስቀምጠነው ነበር። ብቅል ሲበቅል ይሞቃል። እጅ ሲከቱበት ለብ ይላል። ይህን ከሁላችንም ቀድማ ያወቀችው ውሮ ናት። የታኅሣሥ ጠዋት ጣና ዳር ይበርዳል። እሷ ጆንያው ላይ ጥቅልል ብላ፣ አፍንጫዋን ጭራዋ ውስጥ ደብቃ ተኝታለች። ልጄ ሊያነሳት ሲል እማዬ ከለከለችው። "ተዋት፣ ብቅል ይጫኑት የለ? ድንጋይ ከማስቀምጥ እሷ ትሻላለች።"

ነገ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ውሮን አለማስጣት ነው የሚቸግረው።

አርብ፣ ታኅሣሥ 17

ጋን አጠባ። ይህ ሥራ የዋዛ አይደለም። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ውስጡ ይታሻል፣ ይለቀለቃል፣ እንደገና ይታሻል። ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ነው። ከዚያ የወይራ እንጨት ፍም ላይ ይደረግና ጋኑ ይደፋበታል። ጭሱ ውስጡ ገብቶ ይቀራል። ባለቤቴ "የፕላስቲክ በርሜል ለምን አንጠቀምም?" ብሎ ነበር። እማዬ መልስ አልሰጠችውም። እንዳልሰማች ሆነች።

የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል ጋኑ ውስጥ ገባ፣ ውኃ ተጨመረበት፣ አፉ ተከደነ። ጥንስሱ ተጀመረ ማለት ነው።

ስለ ቡቺ የጾም ምግብ ሰዎች ስለሚጠይቁኝ እዚህ ልጻፈው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ቤት ውስጥ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም። በዚህ ወቅት አብዛኛው ሰው ለውሻው የሚሰጠው እንጀራ በሽሮ ነው። ሽሮው ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት። ሁለቱም ውሻንም ድመትንም ይጎዳሉ፣ በተለይ ድመትን። ቀይ የደም ሕዋሳቸውን ያፈርሳል። ቢበስልም፣ ደርቆ ቢፈጭም ያው ነው። ክፋቱ ምልክቱ ወዲያው አይታይም። ከቀናት በኋላ እንስሳው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ሰውም "ቡዳ በላው" ይላል።

ስለዚህ እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የፎገራ ሩዝ እቀቅላለሁ። ሐይቁ ዳር ካሉት ዓሣ አጥማጆች ጭንቅላትና ቁርጥራጭ እገዛለሁ፣ ርካሽ ነው። ቀቅዬ አጥንቱን አንድ በአንድ እለቅማለሁ፣ ከሩዙ ጋር አደባልቃለሁ። ጨው የለ፣ በርበሬ የለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ቤት የለም። አንበላም። ቡቺና ውሮ ግን ይበላሉ፣ የንስሐ አባታችንም በዚህ ምንም አላሉም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

ቅዱስ ገብርኤል። እሑድም ስለሆነ ሥራ የለም። ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈላ። ትንሿ ልጄ ስለ ቤተልሔም ስትጠይቅ እማዬ ወግ ጀመረች። ሕፃኑ በግርግም ተኝቶ ሲበርደው ላህምና አህያ በትንፋሻቸው አሞቁት አለች። ነቢዩ ኢሳይያስም አስቀድሞ "በሬ የገዢውን አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ" ብሎ ነበር አለች። ይህን ጥቅስ ሳይሳሳቱ ከሚያውቁ ሰዎች አንዷ ናት።

ልጅቷ አሰበችና "ውሻስ አልነበረም?" አለች።

እማዬ ስኒውን አስቀመጠች። ውሻ አትወድም ነበር። ቤት አታስገባም፣ ከነካትም እጇን ትታጠባለች። እኔ "አልነበረም" ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

"እረኞች መጥተዋል አይደል?" አለች። "እረኛ ደግሞ ያለ ውሻ ሌሊት ያድራል እንዴ?"

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ለቡቺ የምትነግረው ሌላ ነገር የለም። "አንተም ነበርክ" ትለዋለች።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ብቅሉ ተፈጭቶ መጥቷል። ቂጣ ተጋግሮ ተቆራርሶ ከብቅሉ ጋር ጥንስሱ ላይ ገባ። ከቂጣው አንዱ ጠፍቷል። ተጠርጣሪዋ ጣሪያ ላይ ናት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22

ጠዋት የዳጉሳው ዱቄት ምጣድ ላይ ታመሰ፣ ከጌሾ እንጨቱ ጋር ጋኑ ውስጥ ገባ፣ ድፍድፉ ተደፈደፈ። አፉ በጭቃ ተመረገ። በጎጃም የዳጉሳ ጠላ የሚወደድበትን ምክንያት ለማያውቅ ማስረዳት አልችልም፤ መጥቶ ይቅመስ። አሁን ጋኑን አለመንካት ነው።

ከሰዓት ቡቺን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ባጃጅ ውሻ አልጭንም ስላለን በእግራችን ሄድን። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው ደርሶ ነበር፣ ተወጋ። ለትል ደግሞ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን ክኒን በክብደቱ ልክ ሰጠው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሲያስረዳ አይቸኩልም። "ለበዓል በግ ታርዳላችሁ?" አለኝ። አዎ አልኩት። "ሳንባና ጉበቱን ለውሻው ትሰጡታላችሁ?" አሁንም አዎ።

የነገረኝ ይህን ነው። በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር አንድ ትል አለ። በጣም ትንሽ ነው፣ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፣ ሣር ላይ ይቀራል። በግ ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል። በበጉ ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የያዘ ከረጢት ሆኖ ያድጋል። በጉ ሲታረድ ሰው ከረጢቱን አይቶ ይጸየፋል፣ ጥሬውን ለውሻ ይወረውራል። ውሻውም ትሉን መልሶ ይወስዳል። ዙሩ እንዲህ ሲዞር ይኖራል።

እኛ እዚህ ውስጥ የምንገባው በልጆቻችን በኩል ነው። ሰው የሚያዘው ሥጋውን በልቶ አይደለም። ልጅ ውሻ ዳብሶ፣ አፈር ነክቶ፣ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉን ይውጣል። ያ ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ዓመታት ወስዶ ቀስ ብሎ ያድጋል። አንዳንዴ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ውሻው በዓመት ቢያንስ አራት ጊዜ ክኒኑን ይውሰድ። የበጉን የሆድ ዕቃ ጥሬውን አትስጡት። ለግማሽ ሰዓት ከተንተከተከ ትሉ ይሞታል። ከረጢት ያለበት ከሆነ ደግሞ ማቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ መቅበር ነው። ውሻውን መጥላት አያስፈልግም አለ፣ እጅ መታጠብ ነው።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ ልጆቹን ጠርታ እጃቸውን በሳሙና አስታጠበች። ቡቺን ሲነኩ አልነበረም። እንዲሁ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

የበግ ገበያ። ሰዉ እንደ ጉድ ነው። ባለቤቴ ዋሸራ ካልሆነ አልገዛም ብሎ ነበር። ዋሸራ የኛው የጎጃም በግ ነው፤ ጠጉሩ አጭር፣ ጅራቱ ሰፋ ያለ፣ ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ። ወገቡን በጣቱ እየጫነ፣ ጥርሱን እያየ፣ "ይቅርብኝ" ብሎ እየሄደ፣ ሲጠሩት እየተመለሰ፣ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። በመጨረሻ አንድ ሙክት ያዘ።

ሌላው ጭንቀት ልጆቹ ናቸው። በጉ ቀድሞ ከመጣ ስም ያወጡለታል። ስም ከወጣለት ደግሞ ገናው ለቅሶ ነው። ስለዚህ እስከ ዋዜማው ጎረቤታችን ሐጂ ግቢ እንዲያድር ተስማማን። ሐጂ ሙስሊም ናቸው፣ ለአረፋ የእሳቸው በግ እኛ ጋ ያድራል። ሣር እንኳ አላስመጡንም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 26

ልጄ የገና ዱላ ይፈልጋል። የሚሸጥ አለ፣ ግን ባለቤቴ "አባቴ የሠራልኝ በእጁ ነው" ብሎ ፎከረ። ከወንድሙ ግቢ ጫፉ በተፈጥሮው የታጠፈ የወይራ ቅርንጫፍ አምጥቶ ነበር። ቅርፊቱን ላጠው፣ እሳት ላይ እያሞቀ ቀጥ ያለበትን አቃና፣ ቆልማማውን ጫፍ ተወው። በብርጭቆ ስባሪ ሲፍቀው ከውስጡ ቢጫና ቡናማ መስመር ወጣ። ቅቤ መቀባት ነበረበት፣ ጾም ስለሆነ በኑግ ዘይት ተሸ።

ለሩሩ፣ ለጨዋታው ኳስ፣ ከእንጨት ሥር የተጠረበ ድቡልቡል ቀርጾ ቆዳ አለበሰው። ሙከራው ግቢ ውስጥ ተጀመረ። ልጁ አንዴ መታው። ሩሩ ገና አፈር ሳይነካ ቡቺ ነጥቆ ጓሮ ገባ። አባትና ልጅ ከኋላው ሮጡ። ቡቺ ደግሞ ጨዋታው ይህ ነው ብሎ ያምናል። ባለቤቴ ተናዶ ዱላውን ሲያነሳ ልጁ "አባ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!" አለው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

ጋኑ ተከፈተ። ሽታው ከደጅ ያስቆማል። ውኃ ተጨመረበት፣ እንደገና ተከደነ። ወንድሜ ከነልጆቹ ገባ። ቤቱ ሞላ። ሎሚ፣ ሽንኩርት፣ ቄጠማ ተገዛ። ቄጠማው ከሐይቁ ዳር ዛሬ የታጨደ ነው፣ ሥሩ ላይ ጭቃው አልደረቀም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 28፣ ጋድ (የዋዜማው ጾም)

ረጅም ቀን።

ሽንኩርት መክተፍ ከጠዋት ተጀመረ። እኔ፣ የወንድሜ ሚስትና እማዬ። ልጣጩ ሁሉ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ነው የገባው። ዱሮ ማድ ቤቱ በር ላይ ይጠራቀም ነበር፣ ቡቺም ይለቃቅመው ነበር። የድፎው ሊጥ ደግሞ ቁም ሳጥን አናት ላይ ወጣ። ይህ ቅብጠት አይደለም። ያልበሰለ ሊጥ ውሻ ሆድ ውስጥ ገብቶ ኩፍ ማለቱን ይቀጥላል፣ ሆዱን ይነፋዋል፣ ሲብላላ ደግሞ አልኮል ይሆንበታል። የጠላ አተላም ለከብት እንጂ ለውሻ አይሆንም።

ዶሮዎቹ በስመ አብ ተብሎ ታረዱ። ተለበለቡ፣ በሎሚና በጨው ታጠቡ፣ ተደጋግመው ታጠቡ። እማዬ ብልት ስታወጣ ማንም አይናገራትም። 12ቱ ሲሟሉ ቀና ትላለች።

ቁሌቱ እሳት ላይ ሲውል የተለመደው ችግር መጣ። ጨው ማን ይቀምሳል? ሁላችንም ጾም ነን፣ ያውም ጋድ። እማዬ በሽታው አውቃለሁ ትላለች፣ ብዙ ጊዜም ታውቃለች። ዘንድሮ ግን ትንሿ ልጅ አለች። ሰባት ዓመት አልሞላትም፣ ጾም አልጀመረችም። በርጩማ ላይ አቆምናት። ጣቷን ላሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ "ትንሽ ይቀረዋል" አለች። ጨመርን። ልክ ነበረች።

አንዱ የወንድሜ ልጅ ነገ ረቡዕ ነው፣ ሥጋ እንዴት ይበላል ብሎ ጠየቀ። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉም ይበላባቸዋል። ጋዱን አጥብቆ መጾሙ ለዚህ ነው። ደግሞ በየአራት ዓመቱ፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ፣ ገና ታኅሣሥ 28 እንደሚውል ሲነገረው "ታዲያ የጌታ ልደት ሁለት ነው?" አለ። እሱን ወደ አባቱ መራሁት።

ማታ ነጭ ለበስን። ቡቺን ማሰር ግድ ነው። ካልታሰረ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይከተለናል። ውሻ ቅጥር ግቢ መግባት የለበትም፣ ዘበኛው በድንጋይ ቢያባርረው ደግሞ ልጆቹ ያለቅሳሉ። ሰፊ ገመድ፣ ውኃ፣ የቆየ ጋቢ ከታች። ውሮ ማድ ቤት ተዘግቶባት አይሆንም፣ ዶሮው እዚያ ነው። ጓዳ ተኛች።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29

ቅዱስ ጊዮርጊስ ግቢ ሰው ሞልቶ ደጁ ድረስ ነው። ጧፍ በጧፍ ይለኮሳል። ትንሿ ልጅ ጀርባዬ ላይ ተኝታ አደረች፣ ወንዱ ግን ከአባቱ ጎን ቆሞ አስቀደሰ። ሰዓቱን ቆጥሮ ሲነግረኝ ኩራቱ ፊቱ ላይ ነበር። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ጋቢ ያስጠቀልላል።

ገና ሳይነጋ ቤት ገባን። በዶሮ ተፈሰከ። እማዬ ለእያንዳንዱ እንቁላሉን በእጇ አጎረሰች። ወንድሜ ቴሌቪዥን ከፍቶ ላሊበላን አገኘ። ካህናቱ ነጭ በነጭ ሆነው ቤተ ማርያም ዙሪያ ቤዛ ኩሉ እያሉ ነበር። የንጉሥ ላሊበላ ልደትም ዛሬው ነው፤ እዚያ በዓሉ ድርብ ነው።

ሲነጋ አራጁ መጣ። ሙክቱ ስም ሳይወጣለት ታረደ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሲበለት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ጉበቱ ንጹሕ ነው። ሳንባውን ሲያወጣ ግን አንድ ጥግ ላይ የእንቁላል አስኳል የምታክል ነጭ እብጠት አየሁ። በጣቴ ስጫናት ውኃ እንደሞላ ፊኛ ተመለሰች። ቆዳዋ ወፈር ያለ፣ ወተት መሳይ ነው። አራጁ አይቶ "ይሄ የውሻ ነው" አለና ክንዱን ወደ ቡቺ አነሳ። ቡቺ ደግሞ ተነስቶ ጭራውን እየወዘወዘ ነው።

"ቁም!" አለች እማዬ። አራጁ ደነገጠ። እሷ በሳህን ተቀብላ ጓሮ ወሰደችው። ባለቤቴ ከማታው ጉድጓድ ቆፍሮ ነበር፣ ጥልቅ ነው። ተቀበረ፣ ድንጋይ ተጫነበት። አራጁ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ያስረዳችው እማዬ ናት፣ ከሐኪሙ በላይ አሳምራ። እዚያው "ስንት ግቢ ስንት ውሻ አብልቻለሁ!" አለ፣ ቀጥሎም ወደሚያርድበት ቤት ሄደ። ለእነሱም እንደሚነግራቸው ቃል ገባ።

የቡቺና የውሮ ድርሻ ይህ ነበር፦ ስቡ የወጣለት ቀይ ሥጋ፣ ትንሽ ጉበት፣ ሁሉም ግማሽ ሰዓት በላይ በውኃ ብቻ የተቀቀለ፣ ከሩዝ ጋር። ስቡን ያስወጣሁት ከረጅም ጾም በኋላ ቅባት ሲበዛ ቆሽታቸውን ስለሚያስቆጣ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት በፍጹም አይሰጥም፤ ሲሰበር ሹል ይሆናል፣ አንጀት ይቀዳል። አጥንቱ ሁሉ ተቆጥሮ ቀብር ገባ ማለት ይቻላል። ቡቺ ሳህኑን እያሳደደ ከግቢው ጥግ እስከ ጥግ ገፋው። ውሮ ጉበቱን ብቻ መርጣ በላች፣ ሩዙን ትታ ሄደች። ድመት ምን ታደርገዋለህ።

ሐጂ ጋ ለስላሳና ድፎ ተላከ። ከሰዓት ልጆቹ ሜዳ ወርደው ገና ተጫወቱ። ሩሩ ላይ የቡቺ ጥርስ ምልክት አለ፣ ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። ጠላው ጠርቷል። ምሬቱ አልበዛም፣ ጭሱ ከኋላ ይመጣል። ወንድሜ በዋንጫ ደጋግሞ "የማን እጅ ነው?" ይላል። እማዬ "የሁላችን" ትላለች፣ ግን ሌላ ሰው "የእኔ" ቢል ትቀየማለች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 30

እንግዶች ሄዱ። ቄጠማው ተጠረገ። አተላው ከብት ላላቸው ጎረቤቶች ተሰጠ፣ ከእሱ በፊት ግን እማዬ ውኃ ጨምራ ቅራሪ አወጣች። ለጥምቀት ሌላ ጋን ይጠነሰሳል ብላለች፣ ጌሾው ይበቃል።

የቡቺ ቀጣይ ክኒን መጋቢት ላይ ነው። የቀን መቁጠሪያው ላይ አከበብኩት። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አየችና "ውሮስ?" አለች። ለእሷም ሐኪሙን ልጠይቀው ነው።